ሰጋቱራው ሲልም መጋዙን አቁሙ

የኤሌክትሪክ ሰንሰለት መጋዝ የሚይዝ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት ከመጋዙ ሥር በሚረግፈው ነገር ላይ ነው። ሰንሰለቱ ስለት ካለው የሚረግፈው ፍቅፋቂ ነው፤ እያንዳንዷ ስባሪ በጣት የምትያዝ፣ ጠርዟ የጠራ። ስለቱ ሲዶለዱም ፍቅፋቂው እየላመ ሄዶ ዱቄት ይሆናል። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው መጋዙን በክንዱ መጫን ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል። ሲጫኑት ሞተሩ ከተመደበለት በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ጥቅል ሽቦው ይግላል። ባሩና (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ጠፍጣፋ ብረት) ሰንሰለቱም በሰበቃ ይግላሉ፤ የጋለ ሰንሰለት ይረዝማል፣ የረዘመ ይላላል፣ የላላ ደግሞ ከባሩ ይወጣል። ግንዱ ድንገት ሲበጠስ ያ ሁሉ ግፊት መቆሚያ አጥቶ መጋዙ ወደ እግር ይወርዳል። «ሞተሩ ተቃጠለ»፣ «ሰንሰለቱ እየወጣ አስቸገረ»፣ «ጠማማ ይቆርጣል» የሚባሉት ብልሽቶች ብዙ ጊዜ መነሻቸው አንድ ነው፤ በጊዜው ያልተሞረደ ሰንሰለት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የደረቀና የበሰበሰ እንጨት በተሳለ ሰንሰለትም ቢሆን ልም ሰጋቱራ ይሰጣል። ግንድ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ደግሞ ክር መሳይ ረጃጅም ልጣጭ ይወጣና የፒኞኑን (ሰንሰለቱን የሚነዳው ጥርሳም ጎማ) ሽፋን ይወትፋል። ስለዚህ ስለቱን የምትፈትኑት ጤነኛ እንጨት በአግድሙ ስትቆርጡ ነው።

ከዚህ በታች የተጻፈው በገመድም በባትሪም ለሚሠራው መጋዝ ነው፤ ልዩነት ባለበት ይነገራል። ለሁለቱም የማይለወጠው ነገር ግን እጅ ሰንሰለቱን ከመንካቱ በፊት ገመዱ ከሶኬት መነቀሉ፣ ባትሪውም ከመጋዙ መውጣቱ ነው። የቤንዚን መጋዝ ሲሠራ ያገሳል፣ ሲጠፋ ዝም ይላል። የኤሌክትሪኩ ዝምታ ግን መጥፋቱን አያሳይም፤ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ የሚጠብቀው ቃታው ላይ የሚያርፍ ጣት ብቻ ነው። ከቃታው ጋር አብሮ የሚጫነውን የመቆለፊያ ቁልፍ በላስቲክ ወይም በፕላስተር አስሮ መሥራት የሚባለው ልማድ መጋዙን ማንም በነካው ጊዜ እንዲነሳ ማድረግ ነው።

ሰንሰለት ሲገዛ

«ለ16 ኢንች መጋዝ ሰንሰለት ስጠኝ» ማለት አይበቃም። ሰንሰለት የሚገጥመው ሦስት ቁጥሮች ሲስማሙ ነው። አንደኛው የሰንሰለቱ እርምጃ ሲሆን፣ ከሦስት ተከታታይ ሪቬቶች (የሰንሰለቱን ቁርጥራጮች የሚያያይዙ ትንንሽ የብረት ካስማዎች) የመጀመሪያውና የሦስተኛው መሐል ለመሐል ተለክቶ ለሁለት ይካፈላል። በኤሌክትሪክ መጋዞች ላይ በብዛት የሚገኘው 3/8 ኢንች ሎው ፕሮፋይል የሚባለው ዝቅ ያለ ዓይነት ነው። ሁለተኛው በባሩ ቦይ ውስጥ ገብተው የሚሄዱት የመንጃ ጥርሶች ውፍረት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 1.1 ወይም 1.3 ሚሊሜትር። ሦስተኛው የእነዚሁ የመንጃ ጥርሶች ብዛት ነው፤ ቁጭ ብሎ መቁጠር ብቻ ነው። የባራቸው ርዝመት እኩል የሆነ ሁለት መጋዞች የጥርስ ብዛታቸው ሊለያይ ይችላል።

ቁጥሮቹ ብዙ ጊዜ ባሩ ላይ፣ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል ታትመዋል። 1.3 ሚሊሜትር ሰንሰለት 1.1 ሚሊሜትር ቦይ ውስጥ ስለማይገባ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። የሚያታልለው ተቃራኒው ነው፤ 1.1 ሰንሰለት 1.3 ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ይዞራልም፣ ነገር ግን እየተንገዳገደ ጠማማ ይቆርጣል።

ሲገጠም ደግሞ አቅጣጫው ይታይ። ከባሩ በላይ በኩል ያሉት ጥርሶች ስለታቸው ወደ ባሩ አፍንጫ መዞር አለበት። ሰንሰለት ተገልብጦ ከተገጠመ መጋዙ ይጮኻል፣ እንጨቱ ይጨሳል፣ አይቆርጥም። አዲስ ሰንሰለት «አይረባም» ተብሎ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

አሞራረድ

ለ3/8 ሎው ፕሮፋይል ሰንሰለት የሚሆነው ክብ ሞረድ 4 ሚሊሜትር ነው፤ እርምጃው 0.325 ኢንች ለሆነ 4.8 ሚሊሜትር። በተጨማሪ ጠፍጣፋ ሞረድ፣ የጥልቀት መለኪያ ሳህን፣ ሞርሳና ማርከር ያስፈልጋል። ሞረዱን የሚይዝ የማዕዘን መስመር የተሰመረበት መያዣ ካለ እጅ ገና ላልለመደ ሰው ብዙ ይረዳል።

መጀመሪያ ጥርሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ጠርዙን ከፊት ለፊት ተመልከቱ። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ ጫፉ የት እንዳለ ዓይን ይጠፋበታል። የዶለዶመ ጠርዝ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ያበራል። ያ መስመር ተጠጋግቶ ብርሃን የሚያንፀባርቅ ብረት ነው። ድንጋይ ወይም ምስማር የነካ ጥርስ ላይ መስመሩ ወፈር ይላል፤ በተለይ የጥርሱ ጣሪያ የሆነው የላይኛው ሳህንና ግድግዳው የሆነው የጎኑ ሳህን በሚገናኙበት የውጭ ማዕዘን ላይ። እንጨቱን መጀመሪያ የሚቀደው ያ ማዕዘን ስለሆነ የተቀረው ጠርዝ ምንም ያህል ቢያምር ማዕዘኑ ከተበላ ጥርሱ አይሠራም። መሞረድ ማለት ነጩን መስመር ማጥፋት ነው፤ ሲጠፋ ይቆማል።

ባሩ በሞርሳ ይያዝ፣ ሰንሰለቱም ጥርሱ እንዳይወላገድ ከወትሮው ትንሽ ጠበቅ ይበል። አጭሩን ጥርስ ፈልጉና በማርከር ምልክት አድርጉበት፤ የሌሎቹ ልክ እሱ ነው። ሞረዱ ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል፣ ሲመለስ ይነሳል። እየነካ ከተመለሰ የሞረዱ ጥርስ ያልቃል። ማዕዘኑ ለአብዛኞቹ ሰንሰለቶች 30 ዲግሪ ሲሆን ብዙዎቹ ጥርሶች ላይ የተሰመረች መስመር አለች፣ እሷን መከተል ነው። ከሞረዱ ውፍረት አንድ አምስተኛው ያህል ከጥርሱ የላይኛ ሳህን በላይ ይታይ። ሞረዱ ወደ ታች ከሰመጠ ጠርዙ ቀጭን መንጠቆ ይሆናል፤ ለጥቂት ደቂቃ በጣም ይቆርጥና ወዲያው ይዶለዱማል። ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ ግንባሩ ደንዳና ሆኖ አይነክስም።

የአንዱን ጎን ጥርሶች በሙሉ ከጨረሳችሁ በኋላ ባሩን አዙራችሁ የሌላውን ጎን ሞርዱ። በየጥርሱ ከ3 እስከ 5 ግፊት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ዋናው እኩል መሆኑ ነው። ቀኝ እጅና ግራ እጅ እኩል ኃይል ስለሌላቸው በአንዱ ጎን ያሉት ጥርሶች ቀስ በቀስ ያጥራሉ። ያን ጊዜ መጋዙ ረጃጅምና ስለታም ጥርሶች ወዳሉበት ጎን እየሳበ ግማሽ ጨረቃ ይቆርጣል፣ ባሩም በመቁረጫው ውስጥ ይጣበቃል። ሰው ይህን በክንዱ ለማቅናት ሲታገል የባሩን ቦይ ያበላሻል። መፍትሔው ረጃጅሞቹን ሞርዶ ከአጭሩ ጋር ማስተካከል ነው።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር። ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ለፊት ስለት የሌላት ጉብታ አለች፤ ጥርሱ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚነክስ የምትወስነው እሷ ናት። ጉብታዋ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለባት። የጥርሱ የላይኛ ሳህን ወደ ኋላ ተዳፋት ስለሆነ በተሞረደ ቁጥር ጫፉ ዝቅ ይላል፣ ጉብታዋ ግን ባለችበት ትቀራለች። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ጥርሱ እንደ ምላጭ ተስሎ መጋዙ ግን ዱቄት ያወጣል። በየሦስት ወይም አምስት ሞረዳው የመለኪያውን ሳህን ጣል አድርጋችሁ የወጣውን ጉብታ በጠፍጣፋ ሞረድ ቀንሱ፣ የፊቱንም ጠርዝ እንደ ቀድሞው አጠጋጉት።

እዚህ ላይ ስስት ይሻላል። ጉብታው ከልክ በላይ ከወረደ ጥርሱ የሚጎርሰው ይበዛል፤ አነስተኛ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ወዲያው ይቆማል፣ መጋዙም በቀላሉ ይራገጣል፣ ማለትም ባሩ ድንገት ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ጉብታው ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቀር የሚጎዳው ፍጥነትን ብቻ ነው።

የጥርሱ ርዝመት 4 ሚሊሜትር ሲደርስ፣ ወይም አምራቹ ያደረገበት የመጨረሻ ምልክት ሲነካ፣ ሰንሰለቱ አለቀ። የተሰነጠቀ ጥርስ ወይም የላላ ሪቬት ያለው ግን ርዝመቱ አይጠየቅም፣ ይጣላል።

ውጥረትና ዘይት

ሰንሰለት የሚወጠረው ቀዝቅዞ ነው። የባሩን ሽፋን ዳዶዎች ትንሽ አላሉ፣ የባሩን አፍንጫ በእጅ ወደ ላይ ያዙት፣ ከዚያ የመወጠሪያውን ብሎን አዙሩ። ሰንሰለቱ ከባሩ ሥር ሳይንጠለጠል ሲገጥምና በጓንት በተሸፈነ እጅ ሲጎተት በነፃ ሲዞር በቃ። አፍንጫው እንደተነሳ ዳዶዎቹን አጥብቁ፤ ሳይነሳ ከጠበቀ መጀመሪያ እንጨት ሲነካ ባሩ ከፍ ይልና ሰንሰለቱ ይላላል። ከባሩ መሐል ላይ ሰንሰለቱን ወደ ላይ ስትስቡት 3 ሚሊሜትር ያህል ቢነሳ ደንብ ነው፤ የመንጃ ጥርሶቹ ግን ከቦዩ ሙሉ በሙሉ መውጣት የለባቸውም። ያለ ቁልፍ በእጅ የሚዞር መወጠሪያ ያላቸውም ቢሆኑ መፈተኛው ይኸው ነው።

አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይለጠጣል፤ በየጥቂቱ ቁርጥ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከመገጠሙ በፊት ዘይት ውስጥ ለአንድ ሌሊት ማሳደር ዘይቱ እስከ ሪቬቶቹ ድረስ እንዲገባ ያደርጋል። ሥራ መሐል ላይ ግሎ የላላ ሰንሰለት ቢጠብቅ ችግር የለውም፣ ሥራው ሲያልቅ ግን መልሳችሁ አላሉት። ግሎ የተወጠረ ሰንሰለት ሲቀዘቅዝ ያጥርና የባሩን አፍንጫና የሞተሩን ዘንግ እየሳበ ያድራል።

ዘይቱ የሰንሰለት ዘይት የሚባለው ይሁን፤ ሰንሰለቱ በፍጥነት ሲዞር እንዳይረጭ የሚያጣብቅ ነገር ተጨምሮበታል። ከጠፋ ንጹሕ የሞተር ዘይት ለጊዜው ያሠራል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ግን አይሆንም፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑንና ቦዩን ይፍቃል፣ ከዚያም በላይ እጅና አፈር ላይ የሚረጨው እሱ ነው። የዘይት ቋቱ ትንሽ ስለሆነ በየእረፍቱ ይታይ፤ በባትሪው መጋዝ ላይ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ማየት ጥሩ ልማድ ነው። ዘይት መድረሱን ለማወቅ የባሩን አፍንጫ ከነጣ ካርቶን ላይ 20 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ማስነሳት ነው። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር ካልታየ፣ ባሩን አውጥታችሁ ከሥሩ ያለችውን የዘይት ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ክፈቷት። ብዙ ጊዜ የሚዘጋት በዘይት የተቦካ ሰጋቱራ ነው።

ሳይሠራ የተቀመጠ መጋዝ ከሥሩ ዘይት ማንጠባጠቡ ብዙዎችን ያስደነግጣል። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ላይ የተለመደ ነገር እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ሥሩ ካርቶን ማንጠፍ ነው።

ባሩና ፒኞኑ

ሰንሰለት በተሞረደ ቁጥር ባሩ ይገልበጥ፤ የሚበላው በብዛት የታችኛው ጎኑ ስለሆነ መገልበጡ እድሜውን ያራዝማል። ቦዩ በቀጭን ብረት ይጠረግ። በቦዩ ጠርዝ ላይ በእጅ ሲዳሰስ የሚቧጥጥ ስርፋጭ ከወጣ በጠፍጣፋ ሞረድ ይነሳል። የቦዩን ማለቅ ለማወቅ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በባሩ ጎን ላይ አስደግፉት፤ ማስመሪያው ጥርሱን ነክቶ ከባሩ ጋር ክፍተት ከተወ ቦዩ ገና ነው። ሰንሰለቱ ተጋድሞ ማስመሪያው ባሩ ላይ ልጥፍ ካለ ቦዩ ሰፍቷል፣ ባር መቀየር ነው።

ሰንሰለቱን የሚነዳው ፒኞን ጥርሶቹ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል የጠለቀ ጭረት ሲታይበት ይቀየራል። ባለቀ ፒኞን ላይ አዲስ ሰንሰለት ማሰር ሰንሰለቱን ያለ ዕድሜው ያረጀዋል፤ ሁለት ሰንሰለት አንድ ፒኞን ብሎ መያዝ ደህና ሂሳብ ነው።

ኤሌክትሪኩ

2000 ዋት መጋዝ በ230 ቮልት ወደ 8.7 አምፔር ይስባል። ይህን በ50 ሜትር ማራዘሚያ ገመድ ብታሳልፉት፣ የገመዱ ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ 10 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። 0.75 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ቀጭን የቤት ገመድ ደግሞ 20 ቮልት ይጠፋል፤ የጠፋው ሁሉ ገመዱን የሚያሞቅ ነው። ሞተሩ ይዳከማል፣ ሠራተኛው ይጫነዋል፣ ከመግቢያው ላይ ወደተነገረው ነገር ተመለስን። እስከ 25 ሜትር ድረስ 1.5፣ እስከ 50 ሜትር 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ያዙ፤ ሽፋኑ ለውጭ ሥራ የተሠራ ጎማ ይሁን። ገመዱ በመጠቅለያ ላይ ያለ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይተርተር፤ እንደተጠቀለለ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ሽፋኑ ይቀልጣል።

መነሻው ሶኬት ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በቅጽበት የሚያቋርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር መከላከያ ያለው ይሁን። ተራው ብሬከር ሰውን አያድንም፤ እሱ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። መጋዙ ገመዱን ከቆረጠ መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ከዚያ ነው ገመዱ የሚነካው። በፕላስተር የተጠቀለለ ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዝናብ ላይም ሆነ እርጥብ ሣር ላይ በገመድ መጋዝ አይሠራም።

ገመዱ በኋለኛው እጀታ ላይ ባለው መንጠቆ ታጥፎ ይለፍ፤ ሲጎተት እንዳይነቀል ነው። ሁልጊዜ ከሠራተኛው ኋላና ከመቁረጫው ተቃራኒ ጎን ይሁን። በትከሻ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ መጣል ከእግር ሥር ያርቀዋል።

በገመድ የሚሠሩት ብዙዎቹ ካርቦን ብራሽ (ወደሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርስ የካርቦን ቁራጭ) ያለው ሞተር አላቸው። በአየር ማስገቢያው ክፍተት ከወትሮው የበዛ ብልጭታ ከታየ፣ ወይም መጋዙ ሲነቀነቅ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ካርቦኖቹ አልቀዋል። የቀራቸው ርዝመት ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ሲደርስ ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ሞተሩን አዛብቶ ይበላል። የአየር ክፍተቶቹ ሰጋቱራ በጠገቡ ቁጥር በብሩሽ ይጠረጉ። ሰንሰለቱ እንጨት ውስጥ ቆሞ ሞተሩ «እምም» ካለ ቃታው ወዲያው ይለቀቅ፤ የቆመ ሞተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከሚሠራው ብዙ እጥፍ ስለሆነ ጥቅል ሽቦው ለመቃጠል ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከከባድ ቁርጥ በኋላ መጋዙን ግማሽ ደቂቃ ያህል ባዶውን ማዞር በውስጡ ያለው ማራገቢያ እንዲያቀዘቅዘው ያደርጋል።

ርግጫው

ሰንሰለቱ ከባሩ በታች በኩል ወደ ሠራተኛው፣ በላይ በኩል ደግሞ ከሠራተኛው ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ በታችኛው ጎን ስትቆርጡ መጋዙ ወደ እንጨቱ ይሳባል፣ በላይኛው ጎን ስትቆርጡ ወደ እናንተ ይገፋል። ሁለቱም ከታወቁ የሚመከቱ ናቸው። አደገኛው ሦስተኛው ነው። የአፍንጫው የላይኛ ሩብ ቅርንጫፍ፣ ከኋላ ያለ ሌላ ግንድ ወይም መሬት ሲነካ ጥርሱ እንጨቱን ነክሶ ይይዝና የሰንሰለቱ ጉልበት ሁሉ ባሩን ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ሠራተኛው ፊትና አንገት ይወረውረዋል። ሰው አይቶ እጁን ከማዘዙ በፊት ያለቀ ነገር ነው፤ «እጠነቀቃለሁ» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም። የሚሠራው አስቀድሞ የተያዘ አያያዝ ነው።

ግራ እጅ የፊቱን እጀታ ይዞ አውራ ጣት ከሥር ይዙር፤ ከላይ የተቀመጠ አውራ ጣት ርግጫ ሲመጣ እጀታውን ይለቀዋል። ግራኝ ሰውም ቢሆን አያያዙ ያው ነው፣ መጋዙ የተሠራው ለዚያ ነው። የግራ ክርን ቀጥ ይበል። ሰውነት ከባሩ መስመር ወደ ግራ ይውጣ፤ መጋዙ ቢወረወር በቀኝ ትከሻ በኩል እንዲያልፍ ነው። ከትከሻ በላይ አይቆረጥም፣ መሰላል ላይ ተወጥቶ አይቆረጥም፣ በአንድ እጅ አይቆረጥም። ከፊት እጀታው ፊት ያለው መከታ ሰንሰለቱን የሚያቆም ፍሬን ከሆነ በየቀኑ ይፈተን፦ መጋዙ በሁለት እጅ ተይዞ ሲዞር እጀታውን ሳትለቁ በግራ አንጓ መከታውን ወደፊት ግፉት። ሰንሰለቱ በዚያው ቅጽበት መቆም አለበት። እያዘገመ ከቆመ ፍሬኑ ሳይጠገን ሥራ የለም። መከታው ተራ ፕላስቲክ ብቻ የሆነባቸው ርካሽ መጋዞች አሉ፤ አለመግዛት ነው።

ስለ ልብስ አንድ ብዙ የማይነገር ነገር አለ። የመጋዝ ሱሪ የሚከላከለው በውስጡ ያሉት ረጃጅም ክሮች ተጎትተው ፒኞኑን በማነቅ ነው። መለኪያው የሰንሰለት ፍጥነት ሲሆን ክፍል 1 የሚባለው በሴኮንድ 20 ሜትር ነው። የኤሌክትሪክ መጋዝ ፍጥነቱ ዝቅ ቢልም ሞተሩ ሊቆም ሲል ጉልበቱ ስለማይቀንስ ክሮቹን ከነጭርሱ ሊቀድና ሊቀጥል ይችላል። ሱሪው ይለበስ፣ ጊዜ ይገዛል። እሱን ተማምኖ ግን እግርን ከባሩ መስመር ማስገባት አይገባም። መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ፣ ጫፉ ብረት ያለው ጫማ፣ ገጣሚ ጓንት። የተንጠለጠለ ክር፣ ሻርፕ ወይም ሰፊ እጅጌ አይኑር።

ግንድ ላይ

ሰንሰለቱ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ እንጨት አይነካም። ከባሩ ሥር ያሉት የብረት ሹል ጥርሶች ግንዱን ተደግፈው መጋዙ በእነሱ ላይ እንደ ማንሻ ይሽከረከር፤ ክብደቱ ራሱ ይቆርጣል። ሊበጠስ ሲቃረብ እጃችሁን አቅልሉ።

የሚቆረጠው ግንድ በክብደቱ የሚጨመቀው በየትኛው ጎኑ እንደሆነ አስቀድሞ መታየት አለበት። በሁለት ጫፉ ተደግፎ መሐሉ ክፍት ከሆነ የላይኛው ጎኑ ይጨመቃል፤ ከላይ አንድ ሦስተኛውን ቆርጣችሁ የቀረውን ከሥር ወደ ላይ ጨርሱት። አንድ ጫፉ ብቻ ተደግፎ ሌላው የተንጠለጠለ ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ ከሥር አንድ ሦስተኛ፣ ከዚያ ከላይ። ይህ ሲገለበጥ መቁረጫው ይዘጋና ባሩን ይይዛል። የተያዘ መጋዝ በጉልበት አይነቀልም፤ ሶኬቱ ይነቀል፣ ሽብልቅ ይመታ፣ ግንዱ ሲከፈት ባሩ በእርጋታ ይውጣ። መሬት ላይ የተጋደመን ግንድ እስከ ሥሩ አትቁረጡት፤ አብዛኛውን ቆርጣችሁ ገልብጡት። አንዴ አፈር የነካ ሰንሰለት የሙሉ ቀን ስለቱን በሴኮንዶች ያጣል።

የቆመ ዛፍ መጣል ሌላ ሙያ ነው። በገመድ መጋዝ እንዳይሞከር የሚያደርገው ደግሞ የመሸሺያው መንገድ ላይ ገመድ መኖሩ ነው። በባትሪው ትንሽ ዛፍ ለሚጥል ሰው ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦ በሚወድቅበት በኩል የሚወጣው ጎርዶ (በሽብልቅ ቅርጽ ተቆርጦ የሚወጣው ክፍተት) ከግንዱ ውፍረት ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ፤ ከኋላ ያለው ቁርጥ ከጎርዶው ወለል ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፤ በመሐል ሳይቆረጥ የሚቀረው ማጠፊያ ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ። ማጠፊያው ካለቀ ዛፉ የት እንደሚወድቅ የሚያውቅ የለም። ሌላ ሰው ቢያንስ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ። ለኤሌክትሪክ መስመር የቀረበ ዛፍ አይነካም።

ሲያምፅ

ፈጽሞ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ፍሬኑ መያዙን እዩ፤ ብዙዎቹ መጋዞች ፍሬኑ ከተያዘ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣሉ። ከዚያ ገመዱ፣ ከዚያ ካርቦኑ። ሞተሩ ዞሮ ሰንሰለቱ ካልዞረ በሞተሩና በፒኞኑ መካከል ያለው ማርሽ ተበልቷል። ሰንሰለት አንዴ ከወጣ በኋላ ደጋግሞ የሚወጣ ከሆነ ባሩ ላይ ከመመለሱ በፊት የመንጃ ጥርሶቹን በጣት ዳስሱ፤ ፒኞኑ ላይ ሲመቱ ስርፋጭ አውጥተው ቦዩ ውስጥ አልገባ ይላሉ። ጥቂቶቹ ብቻ ከሆኑ በጠፍጣፋ ሞረድ ይስተካከላሉ።

ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ሰንሰለቱ ይላላ፣ ሽፋኑ ተከፍቶ ይጠረግ፣ የዘይት ቋቱ ይፍሰስ። ከእፅዋት የተሠራ የሰንሰለት ዘይት ቋቱ ውስጥ ለወራት ከቆየ እንደ ሙጫ ይደርቅና ፓምፑን ይይዛል፤ የሚጠቀሙበት ሰዎች ከማስቀመጣቸው በፊት ትንሽ የማዕድን ዘይት ጨምረው መጋዙን ለአንድ ደቂቃ ያስነሱት። ባትሪው ከመጋዙ ወጥቶ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ከሙቀት ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ሙሉ ሆኖ ወይም ባዶ ሆኖ ለወራት መቆየት ይጎዳዋል። ከሥራ የወጣ ትኩስ ባትሪ ሳይቀዘቅዝ ቻርጅ አይደረግ፣ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታም እንዲሁ።